መቶ አሥራ ሁለት ተኩል

ጫልቱ ገመቹ ደሊልን መውደድ የጀመረችበትን ቀን አታውቀውም። የተጣሉበትን ቀን ግን እስከ ደቂቃው ታውቀዋለች፤ የካቲት አሥራ አምስት ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ሂሳብ የምትወድ ልጅ ናት፤ ስትቀየምም ሰዓት ይዛ ነው የምትቀየመው።

እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ ግን ሰባት ወር ሙሉ፣ ናዝሬት ውስጥ እንደ እነሱ ደስተኛ ሰው አልነበረም ብንል ብዙ አላጋነንንም። ሁለቱም የሚሠሩት ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ፣ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጥናት ጽሕፈት ቤት በሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። ደሊል መሐመድዘይን ከዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ተመርቆ የመጣ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው፤ ረጅም፣ ሲስቅ ዓይኖቹ የሚጠፉ። አባቱ የጭነት መኪና አላቸው። እናቱ ወይዘሮ ኡሙሰልማ ደግሞ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ በዚያ ሱቅ በር ሳታልፍ የተዳረች የናዝሬት ሙሽራ የለችም ይባላል።

ጫልቱስ? ጫልቱ የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ናት። አባቷ ገመቹ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። እናቷ ዙለይካ በወጣትነቷ ከደራ ወርዳ፣ ከከተማው በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ በሚያስኬድ አንድ የሸንኮራ እርሻ ካምፕ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አረም ስትነቅል ኖራለች፤ እስከ ዛሬም በመዝገብ ላይ ስሟ ከጊዜያዊ ሠራተኞች ጋር ነው። ጫልቱ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች የተቀጠረችው በሂሳብ አረጋጋጭነት ነበር። ሌሎች የሠሩትን ቁጥር እንደገና ሠርታ፣ ትክክል ከሆነ በቀይ ብዕር ትፈርማለች።

ፍቅራቸው ያደገው እጀታው በእጅ በሚዞር አሮጌ የሂሳብ መኪና ላይ ነው። ደሊል ቁጥሩን ያነባል፤ ጫልቱ እጀታውን ታዞራለች። "ሰባት መቶ አርባ ሁለት" ይላል። ከዚያ ቀና ይልና ያያታል። እሷም ታየዋለች። ቁጥሩ ይጠፋባታል። "ስንት አልክ?" ትላለች። "ሰባት መቶ አርባ ሁለት" ይላል እንደገና፣ በዚህኛው ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምስጢር እንደሚነግራት ሁሉ። በሰባት መቶ አርባ ሁለት ፍቅሩን ገለጸልኝ ብላ ማንን ታሳምናለች? እሷ ግን ገብቷታል።

በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ ትእዛዝ መጣ። በየከተማውና በየካምፑ ሴቶች ከወንዶች ጋር ምን ያህል እኩል እንደሆኑ በአንድ ቁጥር ተለክቶ ይላክ የሚል። መለኪያውን ያዘጋጀው ደሊል ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሰንበታም በጣም ወደዱለት። ቀላል ነበር። የሴቶቹ ቁጥር ከላይ ይጻፋል፣ የወንዶቹ ከታች፤ ይካፈላል። መቶ ከሆነ እኩል ናቸው፤ ከመቶ ካነሰ ሴቶች ወደኋላ ቀርተዋል፤ ከመቶ ከበለጠ ሴቶች ቀድመዋል። በንባብና ጽሕፈት አንድ ቁጥር፣ በቋሚ ሥራ ሌላ ቁጥር ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ። በዚህ ሥራ ምክንያት ደሊል ለውጭ አገር ትምህርት ከታጩት መካከል ስሙ አንደኛ ላይ ተጽፏል ተባለ። ጫልቱ ደስ አላት። ማታ ብቻዋን ስትሆን ደግሞ የሚለያዩባቸውን ዓመታት ቆጠረች።

ሰኞ ዕለት የእናቷ ካምፕ ተራ ደረሰ። ደሊል ለሥራ ደራ ሄዶ ስለነበር ብቻዋን አዞረችው። ንባብና ጽሕፈት፦ ከመቶ ሴቶች ስድሳው የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አላቸው፣ ከመቶ ወንዶች ሠላሳው። ወንዶቹ ገሚሱ ዘመቻ ሄደዋል፣ ገሚሱ ከቆረጣ ሲመለሱ ደክመው ይተኛሉ። ሁለት መቶ። ቋሚ ሥራ፦ ከመቶ ሴቶች ሃያ፣ ከመቶ ወንዶች ሰማንያ። ሃያ አምስት። ድምሩ ለሁለት ሲካፈል መቶ አሥራ ሁለት ተኩል።

በዚያ ካምፕ ሴቶች ከወንዶች በአሥራ ሁለት ተኩል ይበልጣሉ ማለት ነው።

ሂሳቡ ትክክል ነበር። ብዕሩን አነሳች፤ ሳትፈርም መልሳ አስቀመጠችው። ባለፈው እሑድ እናቷ ያለቻት ትዝ አላት። "ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብኩት በቢሮው በር ላይ የተለጠፈውን የቋሚዎች ስም ነው፤ ሦስቴ አነበብኩት፤ የለሁበትም" ብላት ነበር። ሰማንያ አራት የአረም ሴቶች ቋሚ እንሁን ብለው አቤቱታ ጽፈዋል፤ ገሚሶቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጃቸው የፈረሙት ፊርማ ነው። ይህ መቶ አሥራ ሁለት ተኩል ሲጸድቅ ግን አቤቱታው ይዘጋል። ጓድ ሰንበታ ከወዲሁ "ቀድመው የለ እንዴ፤ ደግሞ ምን ይፈልጋሉ?" ሲሉ ሰምታቸዋለች።

ጫልቱ ወረቀቱን ገለበጠችው። ወንዶችን ከላይ፣ ሴቶችን ከታች አድርጋ አካፈለች። ንባብና ጽሕፈት ሃምሳ ሆነ፤ ቋሚ ሥራ አራት መቶ። ለሁለት ሲካፈል ሁለት መቶ ሃያ አምስት። አሁን ደግሞ ወንዶቹ ከእጥፍ በላይ በለጡ። ሰዎቹ እነዚያው፣ ካምፑ ያው፣ ቁጥሩ ያው! ከምሳ በፊት ሴቶቹ ቀደሙ፣ ከምሳ በኋላ ወንዶቹ። እጀታውን አራት ጊዜ አዞረችው፤ መኪናው ያንኑ መለሰላት።

በመሥሪያ ቤቱ ደንብ አረጋጋጭ ስህተት ካገኘች በቀይ "ይመለስ" ብላ ለኃላፊው ታቀርባለች እንጂ ለሠራው ሰው አትነግረውም፤ እንዳይመሳጠሩ ነው። ጫልቱ ግን ደሊልን ማሳጣት አልፈለገችም። ደንቡን ጥሳ፣ ያገኘችውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፈችና ከቁጥሮቹ ጋር ፋይሉ ውስጥ አስገባች፤ ከደራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ፋይል ነው ብላ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ፤ ጓድ ሰንበታ ፋይሉን ፈልገው አነሱት፤ ደሊል ከአውቶቡስ ሳይወርድ ወረቀቱ በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ደሊል ከኃላፊው ክፍል ወጣ። ፊቱ ሌላ ሰው መስሏል።

"ይህ ጽሕፈት የማነው?" አላት ወረቀቱን ከፍ አድርጎ። ሠራተኛው ሁሉ ቀና አለ።

"የኔ ነው።"

"ለኔ መንገር ምን ነበረበት፣ ጫልቱ? ሰባት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ ጀርባዬን ስሰጥ ለአለቃዬ?"

ላንተ ነው የጻፍኩት ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን እንዲህ በሰው ፊት፣ እንደ ሌባ! በምትኩ ሌላ ቃል ወጣ።

"ትክክል ነው ወይስ ስህተት? እሱን ንገረኝ።"

"መመሪያው ሴቶች ከላይ ይጻፉ ነው የሚለው።"

"እኔ ስለ መመሪያው አልጠየቅሁህም።"

ደሊል ብዙ አያት። ያ ሲስቅ የሚጠፋ ዓይን ዛሬ ፈጦ ነው የሚያያት። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ ለሦስት ሳምንት ሥራ ወደ ዝዋይና ሻሸመኔ ሄደ፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላላትም። ጫልቱ ያን ቀን አርባ ሰባት ወረቀት አረጋገጠች፤ አንዱንም አላስታውስም ትላለች።

* * *

ሰው ሲከፋው የሚገጥመው ሌላ ክፉ ነገር ነው። በሳምንቱ ወይዘሮ ኡሙሰልማ በሱቃቸው በር ስታልፍ ጠሯት። ሳቅ ብለው፣ በርጩማ ስበው አስቀመጧት። ልስላሴያቸው ነው ያስፈራት።

"ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ ይባላል። ደሊልም ስምሽን ያነሳል" አሉ ጣቃ ጨርቅ እየጠቀለሉ።

"አመሰግናለሁ፣ እትዬ ኡሙሰልማ።"

"እኔ አንቺን አልጠላሁም። አንጀትሽ እንዳይቆስል ብዬ ነው። እሱ ነገ ባሕር ማዶ ይሄዳል፣ ሲመለስ የሚጠብቀው ቤት አለ፣ የሚጠብቁት ዘመዶች አሉ። እናትሽ ምን ነበር የሚሠሩት?"

ያውቃሉ። ጫልቱ ማወቃቸውን ታውቃለች።

"አረም ይነቅላሉ፣ እትዬ። በሸንኮራ እርሻው።"

"አላህ ጉልበት ይስጣቸው" አሉ ወይዘሮ ኡሙሰልማ፣ ከልባቸው እንደሚያዝኑ ሁሉ። ጣቃውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ አላስፈለገምም።

ጫልቱ ከሱቁ ወጣች። ያስቆጫት ስድቡ አይደለም፤ አልሰደቧትም። ያስቆጫት እኝህ ሴትዮም እንደ መለኪያው የራሳቸውን ልጅ ከላይ ጽፈው እሷን ከታች አድርገው አካፍለው መጨረሳቸው ነው። ውጤቱ ከመጀመሪያውም ታውቋል።

በዚያው ሳምንት ከዝዋይ ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈት የእሱ ነው። መጸዳጃ ቤት ገብታ ከፈተችው፤ ሌላ ሰው የማያይበት ቦታ በዚያ መሥሪያ ቤት የለም።

"ለጓድ ጫልቱ ገመቹ" ይላል። ጓድ! "መለኪያው በሌሎች ዘጠኝ ቦታዎች ተሠርቶበት ጥሩ ውጤት ሰጥቷል። አንድ ካምፕ ስላልተስማማ መለኪያው ይጣላል ማለት አይቻልም። ደግሞም እናትሽ ያሉበት ካምፕ ስለሆነ ስሜት ሳይገባበት አልቀረም። ጉዳዩ ቅዳሜ መጋቢት አሥር ሶደሬ ላይ በሚደረገው ስብሰባ ይወሰናል። ደሊል።"

ሁለቴ አነበበችው። ስሜት! ቆሽቷ አረረ። ያን ዕለት ምሳ ሳትበላ መልሱን ጻፈች፤ ሦስት ወረቀት ቀድዳ ጣለች፤ አራተኛው ይኸው ነው፦

"ደሊል። ጓድ አልልህም፤ ሰባት ወር ሙሉ ጓድ ተባብለን አናውቅም። ስሜት ገብቶበታል ላልከው፣ አዎ ገብቶበታል። እናቴ ስለሆነች ነው ወረቀቱን የገለበጥኩት። የሌላ ሰው እናት ብትሆን ፈርሜ አልፈው ነበር፤ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። አሁን ግን እናቴን ተዋት። አንተንና እኔን ውሰድ። ባለፈው ወር እኔ ከአንተ እጥፍ ወረቀት ሠርቻለሁ፤ አንተ ከእኔ እጥፍ ከተማ አይተሃል። እኔን ከላይ ጻፈኝና አካፍል፤ ሁለት መቶና ሃምሳ፤ ለሁለት ሲካፈል መቶ ሃያ አምስት፤ እኔ እበልጥሃለሁ። አሁን ራስህን ከላይ ጻፍ። ያው መቶ ሃያ አምስት፤ አንተ ትበልጠኛለህ። ከላይ የተጻፈው ሁሉ የሚበልጥበት ሚዛን ሚዛን ነው እንዴ? ችግሩ መደመሩ ላይ ነው። እጥፍ ስትሆን መቶ ትጨምራለህ፤ ግማሽ ስትሆን የምትቀንሰው ሃምሳ ብቻ ነው። አትደምር፤ አባዛና ስኩዌር ሩቱን አውጣ። እጥፉና ግማሹ ያኔ ይጣጣማሉ፤ ማንንም ከላይ ብታደርግ አይዋሽም። ወረቀቱን ለጓድ ሰንበታ አልሰጠሁም። ፋይልህ ውስጥ ያስቀመጥኩት አንተ ቀድመህ እንድታየው ነበር። ደንብ ጥሼ። ላንተ ብዬ። ጫልቱ።"

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ከተተችው። መልስ መጠበቅ ጀመረች። አንድ ሳምንት አለፈ። ፖስታ አመላላሹ በመጣ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ሰውዬው ራሱ አፈረ። ዘጠኝ ቀን አለፈ። ከዝዋይ ናዝሬት ደብዳቤ ዘጠኝ ቀን አይፈጅም። ጫልቱ ቅስሟ ተሰበረ።

* * *

ሶደሬ በዚያ ቅዳሜ ሞቃት ነበር። ከፍል ውኃው ገንዳ የሰው ሳቅ ይሰማል፤ ጦጣዎቹ በአዳራሹ መስኮት ላይ ተደርድረው ስብሰባውን የሚከታተሉ ይመስላሉ። አንዷማ የጓድ ሰንበታን ዳቦ ከጠረጴዛቸው ላይ አንስታ ዛፍ ላይ ወጥታ በላችባቸው፤ ጠዋቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ሳቁን አፍኖ ነው የዋለው። ጫልቱ ብቻ አልሳቀችም። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከመዝገብ ተሸካሚዎቹ ጋር ተቀምጣለች።

ደሊል ከፊት ነበር። ከስቷል፤ ፀሐይ አጥቁሮታል። ሲገባ በዓይኑ አዳራሹን ዳስሶ አገኛት። አንዴ ብቻ። ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። ያ ዓይን ምን እንዳለ ለማወቅ የቀኝ እጇን ብትሰጥ ደስ ባላት!

ሰብሳቢዋ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ነበሩ። "መለኪያውን ያዘጋጁት ጓድ ያቅርቡልን" አሉ።

ደሊል ተነስቶ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄደ። የካምፑን ቁጥሮች ጻፈ። አካፈለ፣ ደመረ፣ መቶ አሥራ ሁለት ተኩል ብሎ ከሥሩ አሰመረ። ጓድ ሰንበታ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። ጫልቱ ዓይኗን ጨፈነች። አበቃ፤ የእናቷም አቤቱታ አበቃ፣ ሰባቱም ወር አበቃ።

"በዚህ መለኪያ" አለ ደሊል፣ "በዚህ ካምፕ ሴቶች ከወንዶች ቀድመዋል።" ጠመኔውን በጣቱ አሻሸው። "አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላሳያችሁ።"

ወንዶችን ከላይ፣ ሴቶችን ከታች አድርጎ ጻፈ። ሁለት መቶ ሃያ አምስት። አዳራሹ ተንሾካሾከ።

"ያው ሰው ነው፣ ያው ካምፕ ነው። መለኪያዬ መልሶ ወንዶቹ በእጥፍ ይበልጣሉ አለ። ስለዚህ መለኪያዬ ስህተት ነው። በዘጠኙም ቦታ ስህተት ነው፤ እዚያ ያልታወቀው የገለበጠው ሰው ስላልነበረ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስህተቱ እኔ ጋ እንዳይሆን ስፈልግ ከረምኩ። አላገኘሁም።"

"ጓድ ደሊል!" አሉ ጓድ ሰንበታ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "ይህ ጸድቆ ያለቀ ነው! ስለ ትምህርት ዕድልህ አስበሃል?"

"አስቤያለሁ።" ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ ግን አልቆመም። "ይህንን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። አረጋጋጫችን ጫልቱ ገመቹ ናት። መድኃኒቱንም ያገኘችው እሷ ናት። እዚህ መጥታ እሷ ራሷ ታስረዳ።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ጫልቱ እግሯን የት እንዳደረገችው ጠፋት። ከኋላ ወንበር እስከ ሰሌዳው ያለው መንገድ ከናዝሬት ሶደሬ ድረስ የረዘመ መሰላት። ደሊል ጠመኔውን ሲያቀብላት ጣታቸው ተነካካ። "ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሻሸመኔ ነው፤ ከዝዋይ ተከትሎኝ፤ ትናንት ማታ" አላት በሹክሹክታ። "ይቅር በይኝ።" እሷ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

"ሁለትን በሩብ ሳባዛ ግማሽ ይሆናል" አለች፣ በደከመ ድምፅ ጀምራ። "የግማሽ ስኩዌር ሩት ሰባ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸሩ ሰባ አንድ ላይ ናቸው። ስገለብጠው ግማሽን በአራት አባዛለሁ፤ ሁለት ነው፤ ስኩዌር ሩቱ መቶ አርባ አንድ። ወንዶቹ ይበልጣሉ። ከዚህም ብትመጡ ከዚያም ብትመጡ የሚናገረው አንድ ቃል ነው።" አሁን ድምፅዋ ጠነከረ። "ደግሞ ይህ ቁጥር ብቻውን አይሂድ። ሁለቱም ከሥሩ ይጻፉ፤ ንባቡም፣ ሥራውም። አንድ ሴት ማንበብ ስለቻለች ሥራ አላት ማለት አይደለም። እንዲያውም ማንበብ ስትችል ነው ስሟ እንደሌለ የምታውቀው።"

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "አሥሩም ቦታዎች በዚህ ዘዴ እንደገና ይሠሩ" አሉ በመጨረሻ። "የካምፑም ሴቶች አቤቱታ አይዘጋም፤ ከዚህ ወረቀት ጋር ተያይዞ ወደ እኛ ይላክ።" ጫልቱ ወደ ደሊል ዞረች። ዓይኖቹ ጠፍተዋል፤ እየሳቀ ነበር፤ እንባውም በሳቁ መሐል ይወርድ ነበር። ጫልቱ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ሰው ፊት ማልቀስ ያማራት ቀን የለም።

* * *

በማግስቱ እሑድ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ደሊል ከአውቶቡስ ወርዶ የካምፑን አቧራ እየረገጠ መጣ። ጫልቱ በር ላይ ሆና ከሩቅ አየችው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጫማው ግን በወየበ አፈር ተለውሷል። እናቷ ዙለይካ ቁጢጥ ብላ ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

"አካም ጅርቱ፣ ሃዳ?" አለ ጎንበስ ብሎ፣ በገበያ ኦሮምኛው፤ እንደምን አሉ፣ እናቴ ማለቱ ነው።

"ፈያ፣ ኢልማ ኮ" አለች ዙለይካ፤ ደህና ነኝ ልጄ ስትል። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረች፤ ዓይኗን ከጎመኑ ሳታነሳ። "ቀድማለች ያልከኝ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ከማን ነው የቀደምኩት? ሰፊ ሜዳ ነው፣ ማንንም አላየሁም።"

ጫልቱ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቁ ሊያመልጣት ነው። ዙለይካ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተነሳች፤ ከቤት ውስጥ የመሠረተ ትምህርት ደብተሯንና እርሳስ ይዛ ወጣች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱን በርጩማ ላይ አስቀመጠችው።

"እናንተ ስትመጡ ትጠይቃላችሁ። ዛሬ እኔ እጠይቃለሁ። ስም?"

"ደሊል መሐመድዘይን።"

ፊደል በፊደል ጻፈች። ምላሷን ትንሽ ወጣ አድርጋ፣ "ዘ" ላይ ቆማ አስባ፣ ጨረሰችው። ደሊል እስክትጨርስ አልተንቀሳቀሰም።

"ሥራ?"

"የስታቲስቲክስ ባለሙያ።"

"እሱ ረጅም ነው። ቆጣሪ ብዬዋለሁ።" ጻፈች። "ባሕር ማዶ ትሄዳለህ አሉ።"

"አላውቅም፣ ሃዳ። ጓድ ሰንበታ ስምህን እንደገና እናየዋለን ብለዋል። ብሄድ በየሳምንቱ እጽፋለሁ፤ ባልሄድም እዚሁ ነኝ።"

"ልጄን ትወዳታለህ? አዎ ወይም አይ በል፤ የናንተ ወረቀት ሌላ መልስ የለውም።"

ጫልቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። "እማዬ!" አለች።

"አንቺን አልጠየቅሁም።"

"አዎ" አለ ደሊል። ጮክ ብሎ። ጎረቤት ልብስ የምታሰጣው ሴት ዞራ አየች።

ዙለይካ "አዎ" ብላ ጻፈች። እርሳሷን ከደብተሩ ላይ አላነሳችም። የሚቀጥለውን ጥያቄ ከማንሳቷ በፊት የልጇን ፊት አየች፤ ጫልቱ ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልይ ነው ያደረችው።

"እናትህ ታውቃለች?"

ጫልቱ ቀና ብላ አየችው። ጣቃ ጨርቁ፣ በርጩማው፣ ያ ለስላሳ ድምፅ ሁሉ መጣባት። አያውቁም ቢል ምን ትሆናለች? እስካሁን ካልነገራቸው መቼም አይነግራቸውም።

"ዛሬ ጠዋት ነገርኳት" አለ። "አለቀሰች። ሰደበችኝም። የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ አለች። እኔም አዎ አልኳት፣ የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ናት፣ እናቷም አረም ይነቅላሉ፣ ትናንት ሶደሬ ላይ ከአለቆቼ ሁሉ ፊት ቆማ ያስተማረችኝም እሷ ናት አልኳት። ስወጣ ግን በሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ ተቆጥታ አትሸኝም፣ አውቃታለሁ። ዛሬ እሺ አላለችም፣ ሃዳ። አልዋሽዎትም። ግን ሽማግሌ እስክልክ ድረስ በየቀኑ እነግራታለሁ።"

ዙለይካ ብዙ አየችው። አሥራ አንድ ዓመት ፀሐይ ላይ የከረመ ዓይኗ ውሸትን ከሩቅ ይለያል። ደብተሩን ዘጋች። ጎመኑን ሰበሰበች። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ጓዳ እየገባች፣ ወደኋላ ሳትዞር፣

"ጫልቱ" አለች፣ "ውኃ አምጪለት፤ እጁን ይታጠብ። ምሳ ከእኛ ጋር ይበላል።"

ጫልቱ ጆጉን ልታነሳ ወደ በርሜሉ ሄደች። ጎንበስ ስትል እንባዋ ውኃው ላይ ጠብ አለ። ሳቀችም፣ አለቀሰችም፤ የቱ እንደበለጠ ልትለየው አልቻለችም፣ አልፈለገችምም። ጆጉን ሞልታ ዞረች። ደሊል እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ እየጠበቃት ነበር።